ኤምቢኤ ልማር ወይስ ሰርተፊኬሽን ልውሰድ? ወረቀቱን ከመምረጥ በፊት ወንበሩን የመምረጥ መመሪያ

መስከረም በጠባ ቁጥር ከቢሮ የማይጠፋ ወሬ አለ። እገሌ ለኤምቢኤ፣ ለንግድ አስተዳደር ማስተርሱ፣ ተመዘገበ። እገሊት ሲሲኤንኤ የሚባለውን የኔትወርክ ሰርተፊኬሽን ጀመረች። የፋይናንሱ ልጅ ሌላ የኤሲሲኤ፣ ያ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ፣ ፈተና አለፈ። ይህን የሰማ ሰው ማታ ወደ ቤቱ የሚሄደው «እኔስ ምን ልማር?» እያለ ነው።

እኔ ጥያቄውን ገልብጡት እላለሁ። የት መቀመጥ ነው የምትፈልጉት? ኤምቢኤ የሚያስገባው ቦታ አለ። ሰርተፊኬሽን የሚያስገባው ቦታ አለ። ሁለቱንም ዞር ብሎ የማያይ ቦታም አለ። ቦታው ሳይታወቅ የተመረጠ ትምህርት ሁለት ዓመትና ብዙ ብር በልቶ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ መመሪያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዛችሁ ሥራ ላይ ላላችሁ ነው። አብዛኛው ስለ አገር ቤት ነው፤ አሜሪካ ላላችሁም ወደ መጨረሻው ትንሽ አለ።

1. ወንበሩን በስሙ ጻፉ፣ ማስታወቂያውንም ሰብስቡ

«ማደግ እፈልጋለሁ» አይበቃም። «የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ»፣ «ሲኒየር ኔትወርክ ኢንጂነር»፣ «ፋይናንስ ማናጀር» ብላችሁ ጻፉ። አሁን ካላችሁበት አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፍ ያለው ይሁን። አምስት ደረጃ ላይ ያለውን ተዉት፤ እዚያ እስክትደርሱ የሚጠየቀው ወረቀት ራሱ ሊቀየር ይችላል።

ከዚያ የዚያን ወንበር ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሰብስቡ። ሪፖርተር ጋዜጣ አለ፣ ኢትዮጆብስ አለ፣ የቴሌግራም የሥራ ቻናሎች አሉ። አሥር ያህል ይበቃል። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ተጨማሪ ሰርተፊኬሽን። ስትሞሉ የግድ የሚጠየቀውን «ቢኖር ይመረጣል» ከሚለው ለዩ። የመጀመሪያውን ካላሟላችሁ ሲቪያችሁ ገና ሲጣራ ይወድቃል። ሁለተኛው ግን ነጥብ ይጨምራል እንጂ በር አይዘጋም።

አሁን ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈውን ነገር እንይ። የባንክና የመንግሥት ድርጅት ማስታወቂያ ላይ እንዲህ ዓይነት መስመር ይገኛል፦ «የመጀመሪያ ዲግሪና 8 ዓመት፣ ወይም ሁለተኛ ዲግሪና 6 ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ»። ቁጥሩ እንደየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል፣ አሠራሩ ግን አንድ ነው። ማስተርሱ የተወሰነ ዓመት ልምድ ይተካላችኋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የባለሙያ ቦታዎችም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት፤ ማስተርስ የሌለው ሰው ሁለት ዓመት ተጨማሪ ልምድ ይዞ ይቀርባል።

በዚህ ምሳሌ እናስላው። የ4 ዓመት ልምድ አላችሁ እንበል። ሥራ ሳትለቁ በማታ ኤምቢኤ ጀመራችሁ። በሁለት ዓመት ስትመረቁ ልምዳችሁ 6 ዓመት ስለሚሞላ መወዳደር ትችላላችሁ። ባትማሩ ሌላ ሁለት ዓመት ትጠብቁ ነበር። ጥሩ ትርፍ ነው። አሁን ደግሞ ልምዳችሁ 6 ዓመት ነው እንበል። ዛሬ ጀምራችሁ ስትመረቁ 8 ዓመት ሞልቷችኋል። ያኔማ በመጀመሪያ ዲግሪያችሁም መወዳደር ትችሉ ነበር። ለዚያ ወንበር ኤምቢኤው አንድ ቀን እንኳ አላቀረባችሁም። የመመረቂያ ጽሑፉ ከተጓተተማ ጭራሽ ኪሳራ ነው። ይህን ስሌት ከምዝገባ በፊት የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። ለራሳችሁ ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅባችሁም። በዚያው ልክ የሰው ኃይል ክፍሉ የትኛውን ልምድ «አግባብ ያለው» ብሎ እንደሚቆጥር ጠይቁ፤ ሌላ የሥራ መደብ ላይ ያሳለፋችሁት ዓመት ላይያዝላችሁ ይችላል።

2. ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ

ማስታወቂያ የሚናገረው በወረቀት የተጻፈውን ነው። ሰው እንዴት እንዳደገ ግን ያደገው ሰው ያውቃል። በዚያ ቦታ ላይ ያሉ ሦስት አራት ሰዎች ፈልጉ። ሊንክድኢን ላይ የትምህርትና የሥራ ታሪካቸውን ማየት ይቻላል። በተለይ ዓመተ ምሕረቱን እዩ። ብዙ ሰው ኤምቢኤ የያዘው ሹመቱን ካገኘ በኋላ ነው፤ እሱን አይታችሁ «ኤምቢኤ ስላለው ነው አለቃ የሆነው» ካላችሁ ነገሩን ገልብጣችሁታል። ቡና ጋብዛችሁ «ይህ ወረቀት ባይኖርህ ኖሮ ቦታውን ታገኘው ነበር?» በሉት። መልሱ ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል።

3. የሙያችሁን ጠባይ እወቁ

ሁሉም ሙያ ወረቀትን በአንድ ዓይን አያይም።

ሂሳብና ኦዲት ላይ ያላችሁ፣ እኔ ቦታችሁ ብሆን ከኤምቢኤ በፊት ኤሲሲኤን ነው የምመለከተው። ምክንያቱ ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 የፋይናንስ ሪፖርት በዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት እንዲዘጋጅ ደነገገ፤ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ደግሞ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ አይኤፍአርኤስን (እነዚህኑ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች) እየጠቀሰ ሳይሆን እየሠራ የሚያሳይ ሰው ይፈለጋል። ኤምቢኤ ውስጥ ያለው አንድና ሁለት የአካውንቲንግ ኮርስ እዚያ አያደርስም። ኤሲሲኤ እስካሁን ባለው አሠራር 13 ፈተና አለው። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ከአንዳንዶቹ ነጻ ሊያወጣችሁ ይችላል፤ ከፍተኛው 9 ነው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል፣ ከፈተናው በተጨማሪ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ከማስተርስ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። «ሰርተፊኬሽን» የሚለውን ስም ሰምታችሁ የስድስት ወር ነገር እንዳይመስላችሁ።

ኔትወርክ፣ ሲስተምና ክላውድ ላይ ደግሞ ወረቀቱ ቶሎ ይያዛል፣ ቶሎም ያረጃል። ሲሲኤንኤ የሦስት ዓመት ዕድሜ አለው። የአማዞን የክላውድ ሰርተፊኬሽኖችም እንዲሁ ሦስት ዓመት ነው። እዚህ መስክ ላይ ጠያቂው ብዙ ጊዜ ራሱ ቴክኒሻን ነው። ስለ ዲግሪያችሁ ሳይሆን ስለ ሳብኔት (ኔትወርክን ስለ መከፋፈል) ይጠይቃችኋል። በሙያው አምስት ዓመት ያልሞላችሁ ከሆነ ኤምቢኤ አሁን ባትገቡ ይሻላል ባይ ነኝ። ሰው ማስተዳደር ስትጀምሩ፣ በጀት ስትከራከሩ፣ የጨረታ ሰነድ ስትጽፉ ያኔ ኤምቢኤው የሚያወራው ነገር ሥጋ ይለብሳል።

የሳይበር ደኅንነት ሰዎች የሙያችሁን ሰርተፊኬሽን ሲአይኤስኤስፒን ታውቁታላችሁ። የአምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ዲግሪ አንድ ዓመት ይቀንስላችኋል። ልምዱ ሳይሞላ ፈተናውን ማለፍ ይቻላል፣ ግን ልምዱ እስኪሞላ «ተባባሪ» በሚል ስም ነው የምትቆዩት። የአይቲ ኦዲት የሚያምራችሁ የባንክ ልጆች የዚያን ሙያ ሰርተፊኬሽን፣ ሲአይኤስኤን፣ እዩ። ባንክ ውስጥ የሂሳቡንም የኮምፒውተሩንም ቋንቋ የሚናገር ሰው እንደ ልብ አይገኝም።

ፕሮጀክት የምትመሩ፣ በተለይ ግንባታና ቴሌኮም ላይ፣ ፒኤምፒ የሚባለው የፕሮጀክት አመራር ሰርተፊኬሽን የታወቀ ነው። መያድ ውስጥ ግን ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ማስተርስ ነው የሚለው፣ ያውም ከኤምቢኤ ይልቅ ከሥራው ጋር የሚሄድ፦ የሕዝብ ጤና፣ የልማት ጥናት፣ ኢኮኖሚክስ።

ባንክ ኦፕሬሽን፣ ሽያጭ፣ የሰው ኃይልና አጠቃላይ አስተዳደር ላይ ላላችሁ ኤምቢኤ አሁንም ይሠራል። የዕድገት መስፈርቱ ውስጥ በቁጥር ስለገባ ነው፤ ከላይ ያሰላነው ማለት ነው። ሆኖም ገበያው እየተለወጠ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። የኢንቨስትመንት ትንታኔ ላይ ለመሥራት ለምትፈልጉ ሲኤፍኤ፣ ሦስት ደረጃ ያለው ከባድ ፈተና፣ ከተራ ኤምቢኤ ይልቅ ቀጥታ ይናገራል።

የራሳችሁን ንግድ ልትከፍቱ ያሰባችሁስ? ለኤምቢኤ የምትከፍሉትን ብር መነሻ ካፒታል አድርጉት። ሱቁ የማንንም ዲግሪ አይጠይቅም።

4. ዛሬ መስፈርቱን ታሟላላችሁ?

ብዙ ሰው ፈተናውን አጥንቶ ጨርሶ ነው መመዝገብ እንደማይችል የሚያውቀው። ፒኤምፒ ባለ ዲግሪ ከሆናችሁ 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ይጠይቃል፣ በዚያ ላይ የ35 ሰዓት ሥልጠና። «ፕሮጀክት ላይ ነበርኩ» ሳይሆን «መርቻለሁ» የሚል ነው፣ ለማጣራት ከተመረጣችሁም አለቆቻችሁ መመስከር አለባቸው። ልምዱ ከሌላችሁ ካፕም የሚባለው ታናሹ አለ።

ማስተርስም ቢሆን እንደ ድሮው በማመልከቻ ብቻ አይገባም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መጥቷል። የቃል፣ የቁጥርና የማመዛዘን ጥያቄ ነው፤ ከኮሌጅ ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው ቁጥሩ ላይ ይንገዳገዳል። ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ልምምድ ጀምሩ።

5. ሒሳቡን በብርም በሰዓትም ሥሩት

የሰርተፊኬሽን ዋጋ በአብዛኛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የሲሲኤንኤ ፈተና 300 ዶላር ነው። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 17,000 ብር ገደማ ማለት ነው። ያንኑ 300 ዶላር በ150 ብር ብትመቱት 45,000 ይመጣል። ፈተናው ያው፣ ጥያቄው ያው። የአማዞን መለስተኛ ደረጃ ፈተና 150 ዶላር፣ የመግቢያው 100 ዶላር ነው። ከወደቃችሁ እንደገና ሙሉውን ትከፍላላችሁ። ስለዚህ በጀታችሁ ውስጥ አንድ ውድቀት አብራችሁ ያዙ።

የማሳደሻውንም አትርሱ። ፒኤምፒ በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ማሟላትና ማሳደሻ መክፈል አለው። ኤሲሲኤ በየዓመቱ የአባልነት ክፍያ አለው፣ ተማሪ ሆናችሁም ጭምር። የኤምቢኤ ዲግሪ ግን አንዴ ከተያዘ አያረጅም። ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

ሰዓቱስ? የማታና የቅዳሜ ኤምቢኤ ሁለት ዓመት ተብሎ ይጀመራል። ኮርሱ ያልቃል፣ መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ይንቀራፈፋል። አማካሪው ስልክ አያነሳም፣ መጠይቅ የሞላ ሰው ይጠፋል፣ ሰኔ ያልፋል። ሁለት ዓመት ሲሏችሁ ሁለት ዓመት ተኩል ብላችሁ አስሉ። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜን ማን እንደሚይዘው ከቤት ሰው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሰው ትምህርት የሚያቋርጠው ከብሩ ይልቅ በዚህ ነው።

6. ትምህርት ቤቱን መርምሩ

ለኤምቢኤ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕውቅና ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለግል ተቋማት ዕውቅና የሚሰጠው በፕሮግራምና በካምፓስ ነው። «ኮሌጁ ዕውቅና አለው» ብለው ቢነግሯችሁ አይበቃም። ይህ ፕሮግራም፣ በዚህ ደረጃ፣ በዚህ ካምፓስ ዕውቅና አለው ወይ? ጊዜው አላለፈም ወይ? የዕውቅናውን ደብዳቤ በዓይናችሁ እዩ፣ ከባለሥልጣኑም አረጋግጡ። የውጭ ተቋም በርቀት የሚሰጠው ከሆነ ስትጨርሱ የአቻ ግምት ይሰጠዋል ወይ የሚለውን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ርቀት መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም። መለስ ዜናዊ ኤምቢኤያቸውን እ.ኤ.አ. በ1995 የያዙት ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ነው፣ ያውም አገር እየመሩ። ጉዳዩ ማን እንደሰጠውና ማን እንደሚያውቀው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ክፍል ውስጥ አብሯችሁ የሚቀመጠው ማን ነው የሚለው ነው። የኤምቢኤ ግማሽ ዋጋው እዚያ ነው። የባንክ ሰው፣ አስመጪ፣ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የሚገኝበት ክፍል ውስጥ ከመምህሩ የማታገኙትን ትሰማላችሁ። ሁሉም ገና በዚያው ዓመት ከመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቁ ከሆኑ ሌላ ክፍል ምረጡ። አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ደጃፍ ላይ ቁሙና እረፍት ላይ ተማሪዎቹን አነጋግሩ።

በሰርተፊኬሽን በኩል የሚያታልለው ሌላ ነው። ኮርስ ጨርሳችሁ የምታገኙት ሰርተፊኬት አለ፣ ቁጥጥር ባለበት ፈተና አልፋችሁ የምታገኙት አለ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነጻ ነው፤ መስኩን ለመቅመስ ግሩም ነው፣ ውሰዱት። ነገር ግን ለቀጣሪ የመጀመሪያው «ተምሬያለሁ» ይላል፣ ሁለተኛው «ተፈትኛለሁ» ይላል። ለመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ሺህ ብር የሚያስከፍል ማሠልጠኛ ካጋጠማችሁ የፈተናው ክፍያ ውስጡ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ የከፈላችሁት ለክፍሉ ወንበር ነው።

7. የሚከፍልላችሁ ፈልጉ

ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች የትምህርት ክፍያ የሚሸፍኑበት መመሪያ አላቸው። ሰው የማይጠይቀው ስለማያውቅ ነው። ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሂዱና መመሪያውን አንብቡ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ስንት ከመቶ ይሸፍናል፣ አስቀድሞ ነው ወይስ ውጤት ሲመጣ ነው የሚከፍለው፣ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለ። የግዴታ ውሉን በደንብ አንብቡ። የሁለት ዓመት ትምህርትና የሦስት ዓመት ግዴታ ማለት ለአምስት ዓመት አገባችሁ ማለት ነው። የተሻለ ሥራ ሲመጣ አዲሱ ቀጣሪ ዕዳውን ይዝጋልኝ ማለት ይቻላል፣ ግን በእሱ አትተማመኑ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ኤምቢኤን በተቻለ መጠን በመሥሪያ ቤት ብር ተማሩ። ሰርተፊኬሽንን ግን በራሳችሁ ብርም ቢሆን ውሰዱ፤ አብዛኛው ጥናቱ ቶሎ ስለሚያልቅና ይዛችሁት ስለምትወጡ።

8. ለፈተና ስትመዘገቡ

እዚህ ላይ ትንንሽ ነገር ብዙ ብር ያስከፍላል። ዋናው ስም ነው። የፈተና ማዕከሉ ስማችሁን ከመታወቂያችሁ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክራል። እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፤ የውጭው ቅጽ ግን «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብቻ ይጠይቃል። ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስትመዘገቡ ፓስፖርቱን ፊታችሁ ዘርግታችሁ እሱ ላይ እንዳለው ጻፉ፣ በፈተናውም ቀን ያንኑ ያዙ። ስህተት ካለ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት አስተካክሉ። በር ላይ ከተመለሳችሁ ክፍያው አይመለስም።

ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ባንካችሁ እንዲህ ያለ ካርድ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ውጭ ያለ ዘመድ ካለ ቫውቸር (አስቀድሞ የተከፈለበት የፈተና ኮድ) ገዝቶ ቁጥሩን መላክ ይችላል፤ ከማይታወቅ የቴሌግራም ነጋዴ ቫውቸር አትግዙ።

አንዳንዱን ፈተና ቤት ሆኖ መፈተን ይቻላል። መብራትና ኢንተርኔት ለሚያስቸግራችሁ አልመክርም። ክፍሉ ባዶ መሆን አለበት፣ ሰው ድንገት ከገባ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። ወደ ማዕከል ሂዱ።

ስለ ደምፕ አንድ ነገር። የተሰረቀ ጥያቄ በቃል ሸምድዶ የሚያልፍ ሰው ሞልቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቃለ መጠይቁ ላይ ራውተር ፊት ያስቀምጧችኋል፣ ያኔ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርባችኋል። ከተደረሰበት ደግሞ ሰጪው ድርጅት ሰርተፊኬሽኑን ይነጥቃል።

አሜሪካ ላላችሁ

ዋሽንግተን አካባቢ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ሴኪዩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የሳይበር ደኅንነት ሰርተፊኬሽን በሐበሻው ዘንድ የምትሰሙት በምክንያት ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር 8140 በሚባለው መመሪያው ለሳይበር ሥራ ብቃት በትምህርት፣ በሥልጠና ወይም በሰርተፊኬሽን እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፣ ሴኪዩሪቲ ፕላስም ተቀባይነት ካላቸው ሰርተፊኬሽኖች አንዱ ነው። በአካባቢው ያሉት ኮንትራክተሮች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ብዙዎቹ ቦታዎች የደኅንነት ፈቃድ ይፈልጋሉ፣ እሱም ዜግነት። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ማስታወቂያውን ከዚህ አንጻር አንብቡ፣ ወይም ሆስፒታልና የግል ኩባንያ ላይ አተኩሩ።

ከአገር ቤት ያመጣችሁትን ዲግሪ አትጣሉት። እንደ ደብልዩኢኤስ ያለ ገምጋሚ ከአሜሪካው ዲግሪ ጋር ያመሳክረዋል፣ ከዚያ ወዲያ ለማስተርስም ለሥራም ይሆናል። ቀጣሪያችሁ የትምህርት ድጎማ ካለው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነጻ ሊከፍልላችሁ ይችላል። ኤምቢኤውን በዚህ ቆራርጣችሁ ሦስትና አራት ዓመት ላይ ብትጨርሱት ከዕዳ ይሻላል።

ሁለቱንም ካሰባችሁ

ቅደም ተከተሉ አብዛኛውን ጊዜ ሰርተፊኬሽን፣ ሥራ፣ ኤምቢኤ ነው። ሰርተፊኬሽኑ የተሻለ ደመወዝና ኃላፊነት ያመጣል፣ ኃላፊነቱ የሰው አስተዳደር ጥያቄ ያመጣል፣ ኤምቢኤው ክፍል ውስጥ ያንን ጥያቄ ይዛችሁ ትገባላችሁ። የባንክ ልጆች ብቻ የመስፈርቱ ዓመት ሊያልፍባችሁ ከሆነ ኤምቢኤውን አስቀድሙ። በአንድ ሴሚስተር ሁለቱን አትጀምሩ። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉበት ወቅት ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት ፈተና አትመዝገቡ።